የጥሬ ገንዘብ ክፍያ ጣሪያና የገንዘብ ምስጢር፦ ጥያቄና መልስ

በባንክ የቁጥጥር ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየሁ፣ በጥሬ ገንዘብ ክፍያ ላይ ስለሚጣሉ ገደቦች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ገደብ ተጣለ ሲባል ክፍያው ተከለከለ ማለት ነው ወይስ ይመዘገባል ማለት?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ሲሆኑ ዘወትር ይምታታሉ። አንደኛው የማሳወቅ ግዴታ ነው። በ1970 የወጣው የአሜሪካ የባንክ ምስጢር ሕግ፣ ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ፣ ባንኮች ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ ገቢና ወጪ ሲያጋጥማቸው ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ነው፤ ገንዘቡን መክፈልን ግን አይከለክልም። ሁለተኛው ክልከላ ነው። ፈረንሳይ ነዋሪዎቿ ለነጋዴ ከ1,000 ዩሮ በላይ በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፍሉ ስትከለክል፣ የግሪክ ጣሪያ 500 ዩሮ፣ የጣሊያን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ 5,000 ዩሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸደቀው ደንብ መሠረት ከጁላይ 2027 ጀምሮ በመላው ኅብረት የ10,000 ዩሮ ጣሪያ ይጸናል፤ አባል አገሮች ከዚህ ዝቅ ያለ መወሰን ቢችሉም ከፍ ማድረግ ግን አይችሉም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪናዬን ለሌላ ግለሰብ ብሸጥስ?

መልስ፦ ሁለታችሁም በንግድ ሥራ ላይ ካልሆናችሁ የኅብረቱ ደንብ አይመለከታችሁም። የየአገሩ ሕግ ግን ሊመለከታችሁ ስለሚችል እሱን ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ከፋፍዬ ባስገባ ከማሳወቅ ግዴታው አላመልጥም?

መልስ፦ እንዲያውም ይበልጥ ይታያሉ። በአሜሪካ ሕግ ሪፖርትን ለማምለጥ ብሎ ገንዘብን መከፋፈል ከ1986 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ በላብ የተገኘ መሆኑ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም። አንድ ደንበኛ ሰኞ 9,500፣ ረቡዕ 9,800፣ ዓርብ 9,700 ዶላር ቢያስገባ፣ ሦስቱም ከጣሪያው በታች ቢሆኑም፣ በተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ጣሪያውን ታክከው ማለፋቸው ራሱ ጥርጣሬ ይጭራል። ባንኩም የጥርጣሬ ሪፖርት ይልካል፤ ሪፖርቱ መላኩን ለደንበኛው እንዳይነግር ሕግ ይከለክለዋል። 29,000 ዶላሩን በአንድ ጊዜ ያስገባ ሰው አንድ ቅጽ ተሞልቶለት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የምደብቀው ነገር የለኝም። ታዲያ ምን ይጎዳኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል፤ እኔም ሥራውን ስጀምር እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው የሰውን ሒሳብ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። የሦስት ወር መግለጫ ያየ ሰው ደንበኛው የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚመላለስ፣ ለየትኛው የእምነት ተቋም እንደሚሰጥ፣ ጠበቃ መያዝ አለመያዙን ያውቃል፤ ከሚደበድባት ባሏ ለመለየት ጥቂት በጥቂት የምታስቀምጥ ሴት ብትኖር፣ የጋራ ሒሳባቸው መግለጫ ዕቅዷን ለባሏ ሊያጋልጥባት ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ወንጀል አይደለም።

የሕግ ጥበቃውም ሰው እንደሚገምተው ጠንካራ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ሚለር በተባለ ሰው ጉዳይ፣ ደንበኛው መረጃውን በፈቃዱ ለባንክ ስለሰጠ በባንክ መዝገቡ ላይ ሕገ መንግሥታዊ የግላዊነት መብት የለውም ሲል ወሰነ፤ ምክር ቤቱ በ1978 ባወጣው ሕግ የመለሰው ከፊሉን ብቻ ነው። እንግዲህ ከጥሬ ገንዘብ ወደ ባንክ የተዛወረ ክፍያ ሁሉ ወደ ሦስተኛ ወገን መዝገብ ይገባል። በእኔ እምነት ከጣሪያው መጠን ይልቅ ሊያከራክረን የሚገባው መዝገቡን ማን፣ በማን ፈቃድ፣ ለስንት ጊዜ ያየዋል የሚለው ነው።

መጠኑ ራሱም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም። የአሜሪካው 10,000 ዶላር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አልተለወጠም፤ በዛሬ የመግዛት አቅም ቢሰላ ከ70,000 ዶላር በላይ በሆነ ነበር። ማንም ሕጉን ሳያሻሽል የዋጋ ንረት ብቻውን እጅግ ብዙ ሰዎችን ወደ ሪፖርቱ አስገብቷቸዋል።

ጥያቄ፦ የ500 ዩሮ ኖት ተሽሯል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አልተሻረም። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በ2019 ማውጣቱን አቆመ እንጂ በእጅ ያለው ኖት ሕጋዊ መገበያያ ነው።

ጥያቄ፦ ገደቡ በእርግጥ ወንጀልን ይቀንሳል?

መልስ፦ ያለ ደረሰኝ የሚደረግ ግብይትን ያከብዳል፤ የተደራጀ ወንጀል ግን በድርጅት ሒሳብና በሐሰተኛ የግዢ ሰነድም ስለሚንቀሳቀስ በጣሪያ ብቻ አይያዝም። ሕንድ በኖቬምበር 2016 የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶችን በአንድ ሌሊት ስትሽር፣ በገበያ ላይ ካለው ገንዘብ በዋጋ 86 በመቶውን መሻሯ ነበር፤ ሕገ ወጡ ገንዘብ በባለቤቶቹ እጅ ይቀራል ቢባልም ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ባንክ ተመለሰ። መሻርና ጣሪያ መጣል አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ባለ ብዙ ገንዘቡ መውጫ እንደማያጣ ያሳያል። አውስትራሊያ ደግሞ ከ10,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈልን እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ረቂቅ በ2019 አቅርባ፣ ተቃውሞ ስለበረታ በ2020 ትታዋለች።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ቢጣስ የሚቀጣው ከፋዩ ነው ወይስ ተቀባዩ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ይለያያል። ስፔን ውስጥ ነጋዴ ያለበት ግብይት ጣሪያው 1,000 ዩሮ ሲሆን፣ ቅጣቱ በጥሬ ገንዘብ ከተከፈለው 25 በመቶ ነው፤ ተጠያቂዎቹም ሁለቱም ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ክፍያው በተፈጸመ በሦስት ወር ውስጥ ቀድሞ ለግብር ባለሥልጣኑ ካመለከተ እሱ ነፃ ይወጣል፤ ስለዚህ ከጣሪያው በላይ በጥሬ ገንዘብ ተገበያይተው የተጨባበጡ ሻጭና ገዢ ለሦስት ወር ያህል እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይከርማሉ።