ጥጃው ቆሞ ሄደ፣ ቡችሎቹስ?

ጥያቄ፦ ላማችን የወለደችው ጥጃ ሰዓት ሳይሞላው ቆመ። የውሻችን ቡችሎች ግን ሳምንት ሆኗቸው ዓይናቸው አልተገለጠም። ታመው ይሆን? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አልታመሙም። ላም 9 ወር፣ ውሻ 2 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ የጥጃው ነርቭ አብዛኛውን እድገቱን ማህፀን ውስጥ ጨርሶ ይወለዳል። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ጡት የሚያገኘው በሙቀትና በማሽተት ሲሆን፣ እናቱ ካልላሰችው ሽንቱ እንኳ አይወጣለትም። ዓይኑን በጣት አትክፈቱ። የጎንደር ሌሊት ብርድ ይበልጥ ያሳስባል፤ የቀዘቀዘ ቡችላ መጥባት ያቅተዋል፣ ስለዚህ ከወተት በፊት ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት።

ጥጃ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጠባ ንጹሕ ጣት አፉ ውስጥ ክተቱ። ጣቱን ካልሳበ እንገር በጠርሙስ አታንቆርቁሩበት፤ ሳንባው ይገባል። ሐኪም ጥሩ።