መልስ፦ ማርኪስ ከኧርል ይበልጣል ወይ?

አዎ፣ ይበልጣል። የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር ዱክ፣ ማርኪስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ባሮን ነው። «ኧርል ጥንታዊው ሆኖ ሳለ ማርኪስ እንዴት ከላዩ ተቀመጠ?» ያልከው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዘመኑን ኧርሎችም ያበሳጨው ይኸው ነበር።

ማርኪስ በአውሮፓ ምድር መነሻው የጠረፍ ገዥ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝ ያስገባው ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ሲሆን፣ በ1385 እ.ኤ.አ. ወዳጁን ሮበርት ዲ ቪርን «የደብሊን ማርኪስ» ብሎ ሾመው። ሰውየው በአንድ ቀን ከነባሮቹ ኧርሎች በላይ ተቀመጠ፤ እንዴት አይከፋቸው! እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ የሪቻርድ የአጎት ልጅ የጆን ቦፎርት ነገር ነው። በ1397 የዶርሴት ማርኪስ ተባለ፣ በ1399 ተገፈፈ። በ1402 ፓርላማው ይመለስለት ብሎ ሲለምን እምቢ ያለው ራሱ ቦፎርት ነው፤ የማዕረጉ ስም ለአገሩ ባዕድ ነው ብሎ።

ማዕረጉን ሴትም ይዛዋለች። ሄንሪ 8ኛ አን ቦሊንን ከማግባቱ በፊት፣ በ1532፣ በራሷ ስም የፔምብሮክ ማርኪስነትን ሰጥቷታል። በተለምዶ ግን የማርኪስ ሚስት ማርሽነስ ትባላለች። በንግግር ላይ ባልየው «ሎርድ እገሌ»፣ እሷ «ሌዲ እገሌ» ናቸው፤ «ማርኪስ እገሌ» ብለህ ብትጠራው ደንቡን አታውቅም ይሉሃል።

ዛሬ በእንግሊዝ ካሉት የማርኪስ ማዕረጎች አንጋፋው የ1551ዱ የዊንቸስተር ነው። በአየርላንድ ደግሞ የስላይጎና የሄድፎርት ማርኪስነቶች የተፈጠሩት በ1800፣ የብሪታንያና የአየርላንድ መንግሥታት ሊዋሃዱ ሲሉ ነው፤ የስላይጎው ማዕረግ ተሿሚው ውህደቱን ለመደገፉ የተከፈለው ዋጋ ነበር። አዲስ ማርኪስ ለመጨረሻ ጊዜ የተሾመው በ1936፣ የሕንድ እንደራሴ የነበሩት ዊሊንግደን ናቸው።