ለኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2 የሚሠሩ ተጨማሪ ተዋጊ አውሮፕላኖች፦ ጥያቄና መልስ

ኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2 የሚባለው የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ የኮምፒውተር ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ታሪኩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፓስፊክ ውጊያ ነው። ከጨዋታው ጋር የሚመጡትና እኛ የምናበራቸው የቃል ኪዳን አገሮች ተዋጊዎች አራት ናቸው፦ ዋይልድካት፣ ሄልካት፣ ኮርሴርና ላይትኒንግ። ስፒትፋየር የለም። ሙስታንግ የለም። ሃሪኬን የለም። ይህን ክፍተት የሞሉት ማታ ማታ ከሥራ መልስ እየተቀመጡ በነፃ የሠሩ ሰዎች ናቸው። እኔም አውሮፕላኖቻቸውን ስሰበስብና ፋይላቸውን ስፈታታ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። ጨዋታው ይሠራል?

ይሠራል። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ግን አትጫነው፤ ዊንዶውስ አዲስ ፋይል ስትጨምር ያስቸግርሃል። ሲ ድራይቭ ላይ የራሱን ፎልደር ክፈትለት። ምስሉ ከተበላሸብህ ዲጂቩዱ 2 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ሞክር።

ጥያቄ፦ ፒ-47 ተንደርቦልት አውርጄ አስገባሁ። ዝርዝሩ ላይ ግን አይታይም። ምን አጠፋሁ?

ምናልባት ዚፑ ሲፈታ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ፈጥሮብህ ይሆናል። የአውሮፕላኑን ፎልደር ስትከፍት ወዲያው ሞዴል፣ ፓነል፣ ሳውንድና ቴክስቸር የሚሉ አራት ፎልደሮች መታየት አለባቸው። አጠገባቸው ደግሞ ሦስት ፋይሎች፦ ኤርክራፍት ሲኤፍጂ፣ ኤር (አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚበር የሚወስነው) እና ዲፒ (መሣሪያውንና ጉዳቱን የሚወስነው)። ከዚያ ስሞቹን ተመልከት። የፎልደሩ፣ የኤር ፋይሉና የዲፒ ፋይሉ ስም አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ በአንድ ተንደርቦልት ሙሉ ማታ ጠፍቶብኛል። ችግሩ ከዲፒው ስም ላይ የቀረች አንዲት ሰረዝ ነበረች።

ጥያቄ፦ ውጊያ የሌለበት የፍላይት ሲሙሌተር 2000 ጨዋታ አውሮፕላን እዚህ ማስገባት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይበራል፤ ግን አይተኩስም። የዲፒ ፋይል የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ስፒትፋየር ብቻ ስድስት ሰባት ዓይነት አለ። የትኛው ጥሩ እንደሆነ በምን ልወቅ?

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ቀለሙን አይቶ ነው። እኔ መጀመሪያ የምከፍተው ዲፒውን ነው። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። መትረየሱ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ጥይት እንደያዘ፣ የትኛው የአካል ክፍል ስንት ምት እንደሚችል፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

ስፒትፋየር ማርክ 1 ስምንት መትረየስ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ 300 ጥይት። በጠቅላላው 2,400 ማለት ነው። ጣትህን ሳታነሣ ከተኮስክ 15 ሰከንድ ገደማ ቢቆይልህ ነው። ያወረድከው ስፒትፋየር ደቂቃ ሙሉ የሚተኩስ ከሆነ ሠሪው መጽሐፍ አልገለጠም። ሙስታንግ ፒ-51ዲ ላይም እንዲሁ ቁጠር። ስድስት መትረየስ ነው፤ ወደ ውስጥ ያሉት ሁለቱ 400 400፣ የቀሩት አራቱ 270 270። ድምሩ 1,880 መምጣት አለበት።

ቀጥሎ አስነሣውና ወደ ላይ ውጣ። ስፒትፋየር ማርክ 1 ላይ ሆነህ ጆይስቲኩን ወደ ፊት በኃይል ግፋ። ሞተሩ መንተፋተፍ አለበት። መርሊን የሚባለው የስፒትፋየሩ ሞተር ነዳጅና አየር የሚያቀላቅልበት ካርቡሬተር በዚያን ጊዜ አፍንጫው ድንገት ሲደፋ ነዳጁን በአግባቡ አያደርስም ነበር። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ነዳጅ የሚረጭ ፓምፕ ስለነበረው አፍንጫውን ደፍቶ ያመልጣል። ችግሩን እ.ኤ.አ. በ1941 ያቃለለችው ቢያትሪስ ሺሊንግ የምትባል እንግሊዛዊት መሐንዲስ ናት። ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ነዳጁ መስመር ላይ አስገባችበት። ሞተሩ እንዲህ የማይንተፋተፍ ስፒትፋየር ቢያምርም የ1940ው (እ.ኤ.አ.) ስፒትፋየር አይደለም።

ሙስታንግ ላይ ደግሞ ነዳጁን ሙሉ አድርገህ በጠባቡ ለመዞር ሞክር። ከአብራሪው ጀርባ 85 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ነበር። እሱ ሲሞላ የአውሮፕላኑ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አፍንጫው ይቅበዘበዛል። አብራሪዎቹ ውጊያ ሳይገቡ በፊት መጀመሪያ የሚጨርሱት እሱን ነው። ጥሩ ሠሪ ይህን ኤር ፋይሉ ውስጥ ያስገባዋል። ኤር ፋይል ግን በኖትፓድ አይከፈትም፤ ኤርኢድን የመሰለ ማስተካከያ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ቀለሙን ብቻ መቀየር ፈልጌ ነበር።

ሙሉውን ፎልደር ኮፒ አድርግና አዲስ ስም ስጠው። የኤርና የዲፒውንም ስም ቀይር። ኤርክራፍት ሲኤፍጂ ውስጥ ያለውን ርዕስም አትርሳ። ዋናውን ፎልደር በፍጹም አትንካ።

ጥያቄ፦ ቀይሬው ለሌላ ሰው ባካፍልስ?

አብሮት የመጣውን ሪድሚ፣ ማለትም የሠሪውን ማስታወሻ ፋይል፣ አንብብ። ፈቃድ ከሰጠ የመጀመሪያውን ሠሪ ስም አስቀምጠህ አካፍል። ካልፈቀደ ለራስህ ተጠቀምበት። አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀረላቸው ያቺ ሪድሚ ውስጥ ያለች ስማቸው ናት፤ እሷን መሰረዝ ነውር ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ አገር ሰማይ የተደረገ ውጊያ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ እውነተኛም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 1941 የደቡብ አፍሪካ ሃሪኬኖች ጣሊያን የያዘውን የድሬዳዋ አየር ማረፊያ መቱ። ጆን ፍሮስት የተባለው አብራሪ አውሮፕላኑ ተመትቶ ጠላት አካባቢ አረፈ። ጓደኛው ሮበርት ከርሾው ይህን ሲያይ ወርዶ አጠገቡ አረፈ። ሃሪኬን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው ተነሡና ወጡ። ለእኔ ከዚህ ጦርነት የአየር ታሪኮች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

የሚያስፈልግህ ሃሪኬን ማርክ 1 እና ጣሊያኖቹ ያበሩት ባለ ድርብ ክንፉ ፊያት ሲአር 42 ነው። ሁለቱንም ከውጭ ታመጣለህ። ከዚያ ከጨዋታው ጋር የሚመጣውን የውጊያ መሥሪያ፣ ሚሽን ቢልደርን፣ ክፈት። ሰው አንሥቶ መብረርን ጨዋታው አያውቅም፤ ማረፍና መነሣቱን ግን ታደርገዋለህ።

ጥያቄ፦ አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ደብረ ዘይት አየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ፋየርፍላይ ስለሚባል አውሮፕላን ያወሩን ነበር። በእኛ አየር ኃይል ቀለም ላገኘው እችላለሁ?

ነፍሳቸውን ይማር። አባትዎ ያወሩት እውነት ነው። ፌሪ ፋየርፍላይ በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለ ሁለት ሰው ተዋጊ ነበር። አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው። ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ካናዳ የተጠቀመችባቸውን ገዛች። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ከተረፉት ሁለቱ ወደ ካናዳ ተመልሰዋል።

ሲፈልጉ ማርክ 1 መሆኑን ያረጋግጡ። ከአፍንጫው በታች እንደ አገጭ የወጣ ራዲያተር ያለው እሱ ነው። ከማርክ 4 ጀምሮ ራዲያተሩ ወደ ክንፉ ሄዷል፤ ያኛው የእኛ አይደለም። ቀለሙን እኔ እሠራልዎታለሁ። አባትዎ ከአውሮፕላኑ ጋር የተነሡት ፎቶ ካለ፣ በተለይ ቁጥሩ የሚታይበት፣ ይላኩልኝ። የምስለው እሱኑ ይሆናል።