በባልጩት ነፍጥ፣ ከቤት አጠገብ አጋዘን ማደን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በፔንስልቬንያ፣ በላንካስተር አውራጃ ገጠር ቀመስ በሆነ አካባቢ እኖራለሁ። ከጓሮዬ አጥር ወዲያ የጎረቤቴ የበቆሎ ማሳና ትንሽ ደን አለ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጋዘኖች እየወጡ ሲግጡ በመስኮት አያለሁ። ጎረቤቴ በመሬቱ ላይ እንዳድን ፈቅዶልኛል፤ ከአባቱ የወረሰውን፣ በአፈሙዙ በኩል የሚጎረስ የባልጩት ጠብመንጃም ሊያውሰኝ ነው። አያቴ ነፍጥ ይዘው ያድኑ እንደነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ ነገሩ ልቤን ገዝቶታል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም። ከምን ልጀምር? የአደኑ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር መገናኘቱስ እንዴት ይታያል?

አንባቢያችሁ፣ ከላንካስተር

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የሚኖሩበት አውራጃ ለዚህ ጥያቄ የተገባ ስፍራ ነው። ረጅም አፈሙዝ ያለው የፔንስልቬንያ ጠብመንጃ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው በዚያው በላንካስተርና በአካባቢው በሰፈሩ ጀርመን ተወላጅ አንጥረኞች እጅ ነበር፤ ግዛቲቱም ከ1974 ጀምሮ በባልጩት ጠብመንጃ ብቻ የሚታደንበት የተለየ ወቅት አላት። ይህ ወቅት የፈረንጆች ገና እንዳለፈ፣ ዲሴምበር 26 ገደማ ይጀምርና ጃንዋሪ ውስጥ ይዘልቃል። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚሸጋሸጉ የዘመኑን መመሪያ የግዛቲቱን አደን ከሚቆጣጠረው ከፔንስልቬንያ ጌም ኮሚሽን መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የአዳኞችን ትምህርት መውሰድ፣ መደበኛውን የአደን ፈቃድ ማውጣትና በላዩ ላይ በአፈሙዝ ለሚጎረስ መሣሪያ የሚሰጠውን ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው።

አሁን ወደ ጠብመንጃው እንምጣ። የተወረሰ መሣሪያ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ያልተጎረሰ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ተጎርሶ የተረሳ ነፍጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለምና። አረር የሚገፋበትን የማጉረሻ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ቀስ ብለው እስኪቆም ያውርዱት፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ልክ ላይ በጣትዎ ይያዙና አውጥተው ከውጭ በኩል ከበርሜሉ ጋር ያስተያዩት። ዘንጉ ባሩዱ ከሚለኮስባት ትንሽ ቀዳዳ አጠገብ ካልደረሰ ውስጡ ነገር አለ ማለት ነውና ወደ ጠብመንጃ ሠሪ ይውሰዱት። ባዶ ቢሆንም እንኳ በርሜሉንና ቃታውን ባለሙያ ሳያየው አይተኩሱበት።

የማጉረሱ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ከአደኑ ሁሉ ይልቅ የምወደው ይህንን ነው። የውስጥ ቀዳዳው ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር ለሆነው፣ ባለ 50 ካሊበር ለሚባለው በርሜል፣ 70 ግሬን ማለትም 4.5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ በመስፈሪያ ለክቶ መነሻ ማድረግ የተለመደ ነው። ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ በቀጥታ ወደ በርሜሉ መገልበጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ የቀረች አንዲት ፍም ቀንዱን በእጅዎ ላይ ልታፈነዳው ትችላለች። ከዚያ በቅባት የራሰች የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ አፈሙዙ ላይ ትነጠፋለች፤ 11.5 ግራም ያህል የምትመዝነው ክብ አረር ትቀመጥባትና በዘንግ ተገፍታ በባሩዱ ላይ በሚገባ እስክታርፍ ትወርዳለች። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊተረተር ይችላል፤ ስለዚህ በትክክል የተጎረሰ ጊዜ ዘንጉ የሚቆምበትን ቦታ በቢላ ምልክት ያድርጉበት። በመጨረሻ በቃታው ጎን ባለችው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደቃቅ ባሩድ ቆንጥረው ያደርጉና ክዳኗን ይዘጋሉ። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ክዳኗን ይመታል፣ ብልጭታው ሳህኑ ላይ ይወድቃል፣ እሳቱም በቀዳዳዋ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ እንዲህ ባለ መሣሪያ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል፣ ሰውም ይገድላል።

በሳህኑ ብልጭታና በተኩሱ መካከል የምትሰማ ቅጽበት አለች። ብዙ ጀማሪ በዚያች ቅጽበት ይደነግጥና ጠብመንጃውን ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ አረሩ እስኪወጣ ብቻ ሳይሆን ከወጣም በኋላ ዐይንዎን ከኢላማው አያንሡ። ጨርሶ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ እንዳደረጉ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጤዛ የመሰለ በረዶ ሲወርድ ከዋለ በኋላ፣ ሠላሳ እርምጃ በማትሞላ ርቀት ጎኗን ሰጥታኝ የቆመች አጋዘን ላይ ቃታ ስቤ፣ እርጥበት የገባው ባሩድ ‘ፍስስ’ ብሎ ብቻ ቀረ። ጆሮዋን ቀስራ አየችኝና የጅራቷን ነጭ አሳይታኝ ወደ ደኑ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቃታውን በሰም በተነከረ ቆዳ ሸፍኜ እይዛለሁ፤ የሳህኑንም ባሩድ በየጊዜው እቀይረዋለሁ።

ከቤት አጠገብ ማደን የሚሉት ነገር ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በሕጉ መሠረት ነዋሪው ካልፈቀደ በቀር ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ፣ ማለትም በ137 ሜትር ክልል ውስጥ በጠብመንጃ ማደን የተከለከለ ነው፤ የመሬቱ ባለቤት መፍቀዱ የሌላውን ጎረቤት ቤት አይጨምርም። ስለዚህ ወቅቱ ሳይደርስ ማሳውን በእግርዎ ዞረው፣ ከየትኛው ቦታ ሆነው ወደየት መተኮስ እንደሚችሉ፣ ከአጋዘኗ ጀርባ ምን እንዳለ፣ ቤት ይሁን መንገድ ወይም የልጆች መጫወቻ፣ አንድ በአንድ ይለዩ። ከጀርባዋ አፈር የሆነ ዳገት ከሌለ፣ ምንም ያህል ብትቀርብ አይተኩሱ። ርቀቱንም ከ45 ሜትር አያሳልፉ፤ ክብ አረር ከዚያ በላይም ይሄዳል፣ ነገር ግን ጀማሪ እጅ ሳንባና ልብ ካሉበት፣ ከፊት ትከሻዋ ጥቂት ወደ ኋላ ካለው ቦታ ላይ በርግጠኝነት የሚያሳርፈው በዚህ ርቀት ነው። ሁለተኛ ጥይት የለዎትም፤ ያቆሰሏትን አጋዘን ሌላ ሰው ጓሮ ውስጥ ማሳደድ ለእንስሳዋም ለጎረቤትም በደል ነው። ሕጉ ቢያስገድድዎትም ባያስገድድዎትም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ይልበሱ። ወደ ቤት እንደተመለሱ በርሜሉን በሞቀ የሳሙና ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ይቀቡት፤ የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ብረትን በአንድ ሌሊት ማዛግ ይጀምራል።

ስለ ጾሙ፣ ወቅቱ የሚከፈትበት ዲሴምበር 26 በእኛ ታኅሣሥ 17 ስለሚሆን፣ ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና አልተፈታም። ሥጋው በማቀዝቀዣ ቢቆይ እንደማይበላሽ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በጾም ደም ማፍሰሱን በተመለከተ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። ዋላ በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት እንስሳት መካከል መቆጠሩንና ደም ከመብላት መከልከላችንን ግን እርሳቸውም የሚነግሩዎት ነው። እኔ በበኩሌ ገና እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ጥቂት ቀናት ይተርፋሉና። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ወንድ ቀንዱን መጣል እንደሚጀምር ልብ ይበሉ። አገር ቤት አጋዘን የምንላቸው እንስሳት ቀንዳቸው ዕድሜ ልክ አብሯቸው ይኖራል፤ የአሜሪካው ግን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል፤ ስለዚህ ቀንድ ስላላዩ ብቻ ሴት ናት ብለው አይፍረዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው የአጋዘን ሥጋ አመጣልኝ። ክትፎ ላደርገው አስቤ ነበር። ይሆናል?

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እባክዎ ጥሬውንም ለብለቡንም አይብሉት። የአጋዘን ሥጋ በቤተ ሙከራ ያልተመረመረ፣ ሜዳ ላይ የተበለተ ነውና ጥሬውን ሲበሉ በጥገኛ ተሕዋስያንና በባክቴሪያ የመታመም ዕድል አለ። ከዚህም ሌላ አጋዘንን የሚያከሳና የሚገድል የአንጎል በሽታ በፔንስልቬንያ ከ2012 ጀምሮ ተገኝቷል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያም አለ። ወደ ሰው መተላለፉ አልታየም፤ ይሁን እንጂ በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ መብላት አይመከርም፤ መንሥኤውንም ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ አጋዘኑ ከየት እንደታደነና እንደተመረመረ ባልደረባውን በባለቤትዎ በኩል ያስጠይቁ። ንጹሕ ከሆነ፣ አረሩ ያለፈበትን ዙሪያ ሰፋ አድርገው ቆርጠው ይጣሉ፤ የእርሳስ ብናኝ ይቀርበታልና። ሥጋው ጮማ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ላይ፣ ንጥር ቅቤ ሳይሳሱ ጨምረው፣ በትንሽ እሳት እስኪለሰልስ ቢያበስሉት የበሬ ሥጋ ወጥ የለመደ ሰው ልዩነቱን ብዙም አያውቅብዎትም።