ውጭ አገር ሆናችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ግቢ ላላችሁ፦ ከጎረቤት መስኮት የሚከልል ሐረግ

ጎረቤት ጂ ፕላስ ሁለት ከሠራ ወዲህ ግቢያችሁ ቡና የማያስጠጣ ከሆነ፣ «አጥሩን ከፍ አድርጉልኝ» ብላችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስቡበት። ብሎኬት መደራረብ ወጪው ከባድ ነው፣ ግቢውን ያጨልማል፣ መሠረቱ ያልታሰበለት አጥር ደግሞ የደብረ ብርሃንን ነፋስ አይችልም። የብረት ፍርግርግ አቁሞ ሐረግ ማልበስ ይሻላል። ሐረጉን የሚመርጥላችሁ ግን ውርጩ ነው። አዲስ አበባ ያያችሁት ቡገንቪላ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በጥቅምት ሌሊት ተቃጥሎ ያድራል።

መጀመሪያ ሜትር ይያዝ። የጎረቤቱ መስኮት ከአጥራችሁ 5 ሜትር ይርቃል፣ የሚያየው ሰው ዓይንም ከመሬት 4.60 ሜትር ላይ ነው እንበል። ከአጥሩ 2 ሜትር ርቃችሁ ብትቀመጡ፣ ዓይናችሁ 1.10 ሜትር ላይ ስለሚሆን፣ አጥሩ ጋ 2.10 ሜትር ከፍታ እይታውን ይቆርጣል። 6 ሜትር ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ 3 ሜትር ያስፈልጋል። አናታችሁም እንዳይታይ 30 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። መቀመጫውን ወደ አጥሩ ማስጠጋት ብረት ይቆጥባል ማለት ነው። የሚያየው ከላይኛው ፎቅ ከሆነ ግን ቀጥ ያለ ፍርግርግ አይበቃም፤ ከላይ የሚሸፍን ዳስ ይሠራ።

ቋሚው 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ሆኖ በየ2 ሜትሩ ይተከላል። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀት የሌለውን ቋሚ እያነቃነቀ ያዘመዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ 70 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላዩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር ተደባልቆ ይሞላ። ኮንክሪቱ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይዳፋ፤ ውሃ የሚተኛበት ብረት እዚያው ይዝጋል። በያጁም የቱቦላሬውን አናት ሳይደፍን አይሂድ። በክፍት አናት የገባ ዝናብ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀለሙ ግን ከውጭ ደህና ይመስላል።

ብሎኬቱ ላይ በፊሸር (ግድግዳ ተበስቶ በሚገባ የብሎን መያዣ) ማሰር ይቀላል የሚላችሁን አትስሙ። ቅጠል የለበሰ ፍርግርግ ነፋስ ሲመታው ሸራ ነው፤ ባዶ ብሎኬት ውስጥ የገባውን ፊሸር ነቅሎ ያወጣዋል። በራሱ ቋሚ ይቁም፣ ከግድግዳውም 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በቋሚዎቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ ሽቦ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይወጠር፤ የመጀመሪያው መስመር ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን።

ለደጋው ቀዳሚው ሐረግ ጠንበለል ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይራቆትም፣ የነጭ አበባው መዓዛም ግቢውን ይሞላል። ሌባ ይዘላል ተብሎ በሚፈራበት ጎን ቀጋ ይተከል፤ እሾሁ አጥር ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ ከመተላለፊያ ግን ራቅ ይበል። አዞ ሐረግ ፈጥኖ ይሸፍናል፤ ሆኖም ጭማቂው ቆዳ ስለሚያቆስል ልጆች ያሉበት ግቢ ባይገባ እመርጣለሁ። ሐረግ ሲያረጅ ከታች ይራቆታልና እግሩ ሥር ጌሾ አሰልፉበት፤ ለጠላውም ይሆናል። ከውጭ ዘርና ቁራጭ በሻንጣ ይዞ መምጣት ይቅርባችሁ። ያለ ፈቃድ አይገባም።

ለገና ወይም ለጥምቀት መጥቶ ችግኝ ተክሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ጊዜም እሱ ነው። ሥር ያልያዘ ችግኝ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ደረቅ ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ለጥምቀት ስትመጡ ብረቱን አስቁሙ፤ ችግኙ የሐምሌ መጀመሪያ ሥራ ነው። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው መሠረት 40 ሳንቲ ሜትር የራቀ ይሁን፤ ጥግ ላይ ዝናብ አይደርስም። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዋልካ ላይ መትከያው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይደልደል፤ አለበለዚያ ነሐሴ ላይ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። በችግኝና በችግኝ መካከል 2 ሜትር ይበቃል።

ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲሮጥ የተተወ ሐረግ አናቱ ላይ ተቆልሎ ታቹን ባዶ ያስቀራል። ችግኙ ሥር ሲይዝ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጥ፣ የሚወጡት ቅርንጫፎችም ግራና ቀኝ በሽቦው ላይ አግድም ይጎተቱ። አግድም የተኛ ቅርንጫፍ ከየአንጓው ያቆጠቁጣል። ማሰሪያው ጨርቅ ይሁን፣ ስምንት ቁጥር አስመስሎ ላላ ብሎ ይታሰር፤ በሽቦ የታሰረ ግንድ ሲወፍር ይታነቃል። ግድግዳው እስኪሸፈን ሦስት ክረምት ጠብቁ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ለሰው ነው፤ ለችግኙ ግን የገብስ ጭድ። 10 ሳንቲ ሜትር ይጎዝጎዝለት፣ ግንዱን ግን አይንካ። ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታው ወርዶ ግንብ ሲያግደው እዚያው ይተኛልና፣ የግቢው የታችኛው ጥግ ላይ ለጋ ችግኝ አትትከሉ። እንዲህ ባለ ሌሊት ጆንያ ይልበስ፣ ጠዋት ይገለጥ። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ውርጩን አይከለክልም። የተቃጠለውን ቅርንጫፍ ታኅሣሥ ላይ የቆረጠ ሰው አዲስ እምቡጥ ቀስቅሶ ለሌላ ውርጭ ይዳርገዋል፤ መቀሱ የካቲት እስኪያልቅ ይቆይ።

ቤታችሁ ቆላው ሸዋ ሮቢት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቡገንቪላና ወይን እዚያ ይስማማቸዋል። ጠላቱ ምስጥ ስለሆነ የባህር ዛፍ ቋሚ አትሞክሩ።

የቀረው የጠባቂው ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው በጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለቴ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ጀሪካን ከታች በመርፌ ተበስቶ ሥሩ አጠገብ ቢቀመጥ ጠባቂው ሞልቶት ይሄዳል፣ ውሃውም ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በግና ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያው በእሾህ ይታጠር። ክፍያውን በሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ሐምሌ ሲተከል፣ ግማሹ መጋቢት ላይ በሕይወት በተገኘው ችግኝ ቁጥር። በየወሩ ፎቶ ሲላክላችሁም ከአንድ ቦታ የተነሣ፣ የእያንዳንዱን ችግኝ ሥር የሚያሳይ ይሁን፤ ከሩቅ ሲነሣ የደረቀውም አረንጓዴ ይመስላል።