የፈረንጅ አውጥን በደጋ ጓሮ ከዘር ማብቀል

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከበሰለ የፈረንጅ አውጥ (በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ትንሽ ቢጫ ፍሬ የሚሰጥ ተክል) ፍሬ ዘር አውጥቼ፣ ፍግ በብዛት ባደረግሁበት የጓሮ መደብ ላይ እንደ ጎመን ዘራሁት። የበቀለው ጥቂት ብቻ ነው፤ እሱም ቅጠሉ ተንዠርግጎ ገና አበባ ማውጣት ሲጀምር ኅዳር ላይ ውርጭ መታው። እንደገና ብሞክር ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የጎዳዎት የዘሩበት ወቅት ነው። የፈረንጅ አውጥ የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች በመሆናቸው የደጋ አየር ይስማማዋል፤ ውርጭን ግን አይችልም። አበባው ፍሬ ሆኖ እስኪበስል ብቻ ሁለት ወር ያህልና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሐምሌ የተዘራ ዘር ፍሬ ሳይዝ ውርጩ ይደርስበታል ማለት ነው። ስለዚህ ጊዜውን ከውርጩ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ጥር መጨረሻ በሣጥን ይዝሩ፣ መጋቢት መጨረሻ ወደ መደብ ያዛውሩ፣ እንዲህ ካደረጉ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ መልቀም ይችላሉ።

የበቀለው ጥቂት የሆነበት ምክንያት ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ይመስለኛል። እንደ ጎመን መደብ ላይ ተበትኖ አፈር ሲጫነው፣ ወይም የሐምሌ ዝናብ ወደ ታች ሲያሰምጠው፣ ቡቃያው ወደ ላይ ለመውጣት አቅም ያጣል። በደንብ የበሰለና ሽፋኑ እንደ ገለባ የደረቀ ፍሬ መርጠው ውሃ ውስጥ ይፍረጡት፤ አንድ ሁለት ቀን ካደረ በኋላ የሚንሳፈፈውን ደፍተው ከታች የዘቀጠውን ዘር አጥበው በጨርቅ ላይ በጥላ ያድርቁት። የተነፋ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት እኩል እኩል ቀላቅለው ሣጥኑን ይሙሉ፤ ታቹ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ዘሩን በጥቂት ደረቅ አሸዋ ለውሰው ቢበትኑት አንድ ቦታ አይከማችም፤ ከላዩ ዘሩን ለመሸፈን ብቻ የሚበቃ ስስ አፈር ይነስንሱበት። ውሃ በማንቆርቆሪያ አያፍስሱበት፤ በእጅ እየረጩ ያርጥቡት። በ20 እና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለ ሙቀት በሁለት ሳምንት ገደማ ይበቅላል፣ የጥር ሌሊት ግን በእናንተ አካባቢ ከዚህ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ሣጥኑ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ወደ ማዕድ ቤት ቢገባ ይሻላል፤ ቢዘገይም ተስፋ ቆርጠው አይድፉት።

ችግኙ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ከውጭ አየር ጋር አላምደው ያዛውሩት። በችግኞቹ መካከል አንድ ሜትር ይተዉ፤ በጣም ስለሚንሰራፋ መደገፊያ እንጨት ያስፈልገዋል። ከነፋስ የሚከልልና ቀን የሞቀ ግድግዳ ካለዎት ቦታውን ለእሱ ይስጡት። ውሃ የሚተኛበትና ባለፈው ዓመት ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ የነበረበት መደብ ግን አይሆንም፣ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ስለሆኑ በሽታና ተባይ ይጋራሉ።

በፍግ ላይም ገደብ ያድርጉ። ቅጠሉ የተንዠረገገው ከመጠን በላይ ናይትሮጂን በማግኘቱ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ተክል ግንዱን ሲያሳድግ ከርሞ አበባውን ያዘገያል። በሚተክሉበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃዋል፤ ትኩስ ፍግ አይጨምሩበት። ዝናቡ እስኪገባ ውሃውን አያቋርጡ፤ ደርቆ ከከረመ በኋላ ድንገት ብዙ ውሃ ካገኘ ፍሬው ይሰነጠቃልና።

ፍሬው ሲበስል ራሱ ስለሚወድቅ ከሥሩ ገለባ ጎዝጉዘው፣ በዝናብ ወቅት በተለይ በየቀኑ ይልቀሙት፤ እርጥብ መሬት ላይ ካደረ ሽፋኑ ይሻግታል። ደረቅ ሆኖ የተለቀመውን ከነሽፋኑ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለሳምንታት ማቆየት ይቻላል። አረንጓዴውን ጥሬ ፍሬ ልጆች እንዳይበሉት፣ ቅጠሉንም ለከብት እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ፤ ሁለቱም መርዛማ ናቸው።

ውርጭ የመታቸውን ተክሎች ደግሞ ቸኩለው አይንቀሏቸው። ውርጩ ሥሩ ድረስ ካልዘለቀ ተክሉ ከታች ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ የተቃጠለውን ክፍል የውርጩ ወቅት ሲያልፍ ቆርጠው ይጣሉ፣ እስከዚያው ግን የደረቀው ቅርንጫፍ ግርጌውን በመጠኑም ቢሆን ይከልላልና ይተዉት።