መሳቢያ ውስጥ የቀረው ውጤት

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ደውላ «ጋሼ፣ ለግማሾቹ በሽተኞች መድኃኒት የሌለው መርፌ መውጋት ግፍ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የአለርጂ ክትባት ላይ መሥራት የምትፈልግ ልጅ ናት። አድበስብሼ ስልኩን ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ የአበባ ብናኝ ለሚያስነጥሳቸው ሰዎች ክትባት እንሞክር ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሊዮናርድ ኑን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1911 የሣር ብናኝ ጭማቂ በመርፌ መስጠቱን ጽፏል። ብናኙ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። ተሳስቶም ጠቀመ! ነገሩ ሰውነትን በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። ከመርፌው በኋላ 30 ደቂቃ ስለማስጠበቅ፣ ለድንገተኛ ከባድ አለርጂ የሚወጋውን አድሬናሊን አጠገብ ስለማስቀመጥ አልነግራችሁም፤ ይሄን የማያውቅ እዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ።

አንዲት እናት ነበሩ። ሲመጡ ሁለቱም ኪሳቸው በመሀረብ የተጠቀጠቀ ነበር። በመጨረሻው ቀጠሮ ባዶ ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ መረቁኝም። እኔማ ከመሬት ከፍ ብዬ ነው የሄድኩት። ማን የትኛውን መርፌ እንደወሰደ የሚናገረው፣ ከእኛም ተደብቆ የቆየው ዝርዝር ሲከፈት ግን ሴትዮዋ የተወጉት መድኃኒት የሌለውን፣ ባዶውን ነው። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ተሽሏቸዋል። ለካ የዚያ ዓመት ብናኙ ራሱ ትንሽ ኖሯል።

አለቃዬ «ለጊዜው ይቆይ» አሉ። ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት ሳላሳትም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዓመታት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ያንኑ ክትባት ሲሞክር 4 ዓመት እንደፈጀና እንዳልሠራለት ሲናገር ሰማሁ። ከኋላ ተቀምጬ ጫማዬን አየሁ። በሻይ ሰዓትም ሸሸሁት።

የንብ አለርጂ ላለባቸው ሰዎችም ለአሥርት ዓመታት ሙሉ ንብ ተፈጭቶ የተዘጋጀ መርፌ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ጥናት ከባዶው መርፌ እንደማይሻል አሳየ። የሠራው የንቡ መርዝ ብቻውን ሲሰጥ ነው። ታዲያ ግፉ የቱ ነው?

የዛሬ ልጆች ገና ሙከራው ሳያልቅ ፎቶ ትለጥፋላችሁ። ያናድደኛል። ግን እናንተ ቢያንስ አትደብቁም፤ እኔ ምን አፍ አለኝ?

ትናንት ቢጫ የሆነውን ወረቀት አውጥቼ፣ እኔም በተራዬ ፎቶ አንስቼ ለልጅቷ ላክሁላት። ሰዓት ሳይሞላ መለሰች፦ «ጋሼ፣ ሰንጠረዥ 2 ላይ ድምሩ ተሳስቷል።»

ደመርኩት። ልክ ናት።